የስመኘው መክሰስ

በፍኖተ ሰላም ገበያ ቅቤ የምትሸጠው ዓባይነሽ ጉልበቷ አልሸከምሽም ቢላት ጤና ጣቢያ ሄደች። ስኳሯም ከፍ ብሎ ተገኘ። ክብደት ካልቀነሰች አልጋ ላይ እንደምትቀር ሲነግሯት አላለቀሰችም፤ ወጥታ አንድ ትልቅ ዳቦ ገዛች። ዳቦው ቤቷ አልደረሰም።

ነርሷ ፍሬሕይወት ሳይርባቸው፣ ልባቸው ሲከፋ የሚበሉ ሰዎችን ማክሰኞ ማክሰኞ ሰብስባ ልታወያይ ነበርና እሷንም መዘገበቻት። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያ አገር ሰው ቀን ቆርጦ በየሳምንቱ ከተሰበሰበ ማኅበር ነው፤ ማኅበር ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። ዓባይነሽ ድፎ ዳቦ በመሶብ፣ የጨርቅ ነጋዴዋ ኡምሀኒ ሳምቡሳ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ ደረሰ ጭኮ ይዘው ከች አሉ። ነርሷ በሩን ከፍታ ብትገባ ክብደት ሊቀንሱ የተጠሩት ሰዎች በሞቴ እየተባባሉ ይጎራረሳሉ። ደረሰ ለእሷም ጠቀለለላት። ጉርሻ ተዘርግቶ አይመለስምና ጎረሰች።

ስቃ ሲወጣላት መሶቡን ከደነችው። ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዳቸው ሳይርባቸው መቼ መቼ እንደሚበሉ እንዲናገሩ ጠየቀች። ደረሰ ከሚስቱ ተኮራርፎ ከወጣ ቡሬ እስኪደርስ ሦስት ምግብ ቤት እንደሚቆም ተናዘዘ፤ የዛሬውን ጭኮ ሚስቱ ለእርቅ የሠራችለት መሆኑንም አልደበቀም። ኡምሀኒ ወደ ማታ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ስትቀር መሆኑን አወራች።

ተራው የዓባይነሽ ሆነ። ለልጆቿ እንኳ ያልነገረችው ነገር ነበር። ተነስታ ልትሄድ መሶቧን ያዘች፤ ግን ክዳኑን እየነካካች ቀረች።

«አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከወፍጮ ቤት በሚመለስበት ጊዜ፣ ለባሌ ለስመኘው መክሰስ አቀርባለሁ» አለች። «ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ድርሻው ሲቀዘቅዝ ማየት አልችልም። እኔው እበላለታለሁ።»

ከንፈር የመጠጠ አልነበረም። ኡምሀኒ ብቻ ጠጋ አለቻት።

«እኔንም ሱቁ የሚያስበላኝ ያን ጊዜ ነው፣ እታለም። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት መጥቼ እወስድሻለሁ። በእግራችን ወጣ እንበል።»

መጣችም። ይኸው ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በቡሬ መንገድ ዳር ጎን ለጎን ሲሄዱ ይታያሉ። ጎረቤት ዓባይነሽ ባል ፍለጋ ትዞራለች እያለ ነው፤ እሷም ወሬው እንዳይበርድ ነጠላዋን አሳምራ ትወጣለች። ስኳሯ ወረድ ብሏል፣ ጉልበቷ ግን ዛሬም ያጉረመርማል። በስመኘው ሙት ዓመት ዕለት ግን መክሰሱን አቅርባ በልታለታለች። ማክሰኞ ስትነግራቸው ፊቱን ያዞረባት የለም።

ማታ ስትጸልይ ነርሷን፣ ኡምሀኒን፣ ደረሰንም ከነኩርፊያው በስም እየጠራች ታመሰግናለች። መሶቡንም አትረሳም፤ ያን ቀን ባዶ እጇን ሄዳ ቢሆን ኖሮ የምትነካካው አጥታ ከበሩ ትወጣ ነበር። የስመኘው ሳህን ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዓባይነሽ ቤት ውስጥ የለችም።