ስድስት አንጮቴ፣ አምስት ማለዳ

ዛሬ ጠዋት የገዛ ቤቴን አልፌ ሄድኩ። ረስቼ አይደለም፤ ልጆቼ የሚጠረጥሩት እርጅና ገና እዚያ ድረስ አልዘለቀም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን እየቆረቆረ ከፊቴ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ቀስ ብዬ ብከተለው ምን ነበረበት? የሚጠብቀኝ ቁርስ እንጂ ዋንጫ አይደለም። እግሬ ግን ሳያማክረኝ ፈጠነ። አጠገቡ ስደርስ ማለክለኬ እንዳይሰማ አፌን ገጥሜ፣ እንደምን አደርክ እንኳ ሳልለው ቀደምኩት።

ከቀደምኩት በኋላማ እንዴት ልቁም? ቤቴ በር ላይ ብቆም ደክሞት ነው ይለኛል። ስለዚህ በሬን አለፍኩ፣ የጎረቤቴን በር አለፍኩ፣ ወፍጮ ቤቱንም አለፍኩና ባጃጆች የሚሰለፉበት ቦታ ስደርስ ግንብ ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አባባ፣ ሆስፒታል ላድርስዎት?» አለኝ አንዱ ባለባጃጅ።

«ቤቴ አድርሰኝ።»

«ቤትዎ የት ነው?»

እጄን ወደ መጣሁበት ዘረጋሁ። ሳቁን ለመደበቅ ብዙም አልተጨነቀም።

ያ ሽማግሌ ማን እንደሆነ ልናገር። እኔ በሕይወቴ በብዙ ሰው ቀንቻለሁ፤ በዕድገት በቀደመኝ ባልደረባዬ፣ ጥርሱ ባልረገፈ እኩያዬ፣ ለቅሶው ላይ ሰው በበዛለት ሟች ሳይቀር። እሱ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ቅናትን ሀሁ ብሎ ያስቆጠረኝ እሱ ነው።

ነገሩ የጃንሆይ ዘመን ነው። አባቴ ከሸዋ ነቀምቴ ተመድቦ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቤታችን ጨለለቂ የሚባለው ሰፈር ሲሆን ግቢያችን ውስጥ ለተማሪ የምትከራይ አንዲት ክፍል ነበረች። በዚያ መስከረም ቢላ ከምትባል የወለጋ ከተማ የመጣ ቀጭን ልጅ ተከራያት። ከእኔ ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ የትምህርት ቤታችን ሯጭ እኔ ነበርኩ። ከሌላው ሁሉ ስለምበልጥ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላው መሮጥ ስለማይወድ ነው። አባቴ ከአረቡ ሱቅ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝቶልኝ ስለነበር፣ ከሩጫው ይልቅ ጫማውን አድርጌ ግቢ ውስጥ መንጎራደዱን እወድ ነበር።

በዚያው ሰሞን የስፖርት አስተማሪያችን ሰልፍ ላይ አንድ ወሬ ነገረን። የየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባ ላይ ሊወዳደሩ ነው፤ ከእኛ በረጅም ርቀት የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከገና በፊት በሜዳችን ስምንት ዙር ተሮጦ ይለያል። እኔ አዲስ አበባን በሥዕል እንጂ በዓይኔ አላየሁም። አባቴ ግን በዚያው ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ልጄ ሊሄድ ነው» ብሎ ጨረሰ። እናቴ ለመንገዴ የሚሆን በሶ አስፈጨች።

የመጀመሪያው ልምምድ ከሰፈራችን በላይ ያለችውን ዳገት ወጥቶ መውረድ ነበር፤ የቢላው ልጅ ቀደመኝ። ጥቂት አይደለም፤ እኔ ስደርስ እሱ ጫማውን አውልቆ አሸዋውን እያራገፈ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ዳገቷ ላይ እንዴት ነው እንደዚያ የምትወጣው?» አለኝ። «እኔ እዚያ ጋ ጉልበቴ ይሰበራል። አሳየኝ።»

ያሾፈብኝ መሰለኝ። ያሸነፈ ሰው የተሸነፈውን አስተምረኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። «እግርህን አንሳ፣ ከዚያ አስቀምጥ» አልኩት። እሱ ግን የምሩን ነበር፤ ወደ ዳገቷ ተመልሶ እግሩን እያነሳ ሞከረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለላ ጀመርኩ። በግድግዳው ላይ ጭቃው የረገፈበት አንድ ስንጥቅ ነበር፤ ዓይኔ እዚያ ላይ ሲውል ትምህርቴ ገደል ገባ። የሆነ ምስጢር እንዳለው አልተጠራጠርኩም። ክታብ ፈለግሁ፤ የለም። ጸሎት ጠበቅሁ፤ የፕሮቴስታንት ልጅ ነውና አጭር ጸሎት ያደርሳል፤ በውስጡ ስለ ሩጫ አንዲት ቃል የለም። ያየሁት እንዲህ ያለ ተራ ነገር ነው። ሲተኛ ጫማውን አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ያስቀምጣል። አንድ ሁለት ጊዜ ከሩቅ ተደብቄ ተከትዬ እንዳየሁት፣ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ አንድ ጉንጭ ውሃ ይይዝና ሳይውጠው ዳገቱን በአፍንጫው እየተነፈሰ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ሲደርስ ይተፋዋል። ሰው በሚያይበት ሜዳ ቀስ ብሎ፣ ማንም በማያይበት መንገድ በርትቶ ይሮጣል። የደከመው ቀን ደግሞ ያለ ምንም ሐፍረት ይተኛል።

ውሃውን እኔም ሞከርኩት። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ራሴን በዓይነ ኅሊናዬ አየሁትና ሳቄ መጣ፤ ውሃው በአፍንጫዬ ወጣ።

ጫማዬንም ወደ በሩ አዞርኩ። ጫማዬ በየማለዳው ለመውጣት ተዘጋጅቶ ያድራል፤ ባለቤቱ ግን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የሌላውን ኮቴ እየሰማ በቅናት ይንገበገባል። እናቴም አታሳርፈኝም። «ይህን ልጅ እየው፤ እናቱ ሳትቀሰቅሰው ይነሳል» ትለኛለች። እናቱ ቢላ ሆና እንዴት ትቀሰቅሰው! ይህን ብላት በእንጨት ማማሰያ አሳየችኝ።

በመጨረሻ ምስጢሩን ያገኘሁት መሰለኝ፤ አንጮቴ ነው! ቢላ ያለችው እናቱ በየቅዳሜው ከገበያተኞች ጋር አንድ ቁና አንጮቴ ትልክለታለች። የወለጋ ሰው እግሩ ለተሰበረ፣ ለአራስም የሚያበላው ሥር ነው፤ አጥንት ይጠግናል ይባላል። የተሰበረውን የሚጠግን ከሆነ ያልተሰበረውንማ ምን ያደርገው ይሆን? በዚያ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ስሌት ሳይሠራ አይቀርም፤ በእግሩ የሞከረው ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የውድድሩ ዕለት ጎህ ሲቀድ፣ እሱ ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ ማድቤት ገባሁ። ማታ ቀቅሎ ከነልጣጩ የከደነው ድስት ውስጥ ስድስት አንጮቴ ነበር። ቆሜ እየላጥኩ ስድስቱንም በላሁ። የገና ጾም ገብቶ ነበርና ቅቤ አልነካሁም። እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ማለዳ ያስጨነቀኝ ስርቆቱ ሳይሆን ቅቤው ነው። ደረቅ አንጮቴ ያለ ቅቤ ጉሮሮ ላይ እንዴት እንደሚቆም የቀመሰው ያውቀዋል። እየታነቅሁ፣ ጾሜን ባለመግደፌ ግን ኩራት እየተሰማኝ ወደ ሜዳው ሄድኩ።

ፉጨቱ ተነፋ። ሁለት ዙር መራሁ። አባቴ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ጋር ዳር ቆሞ ኮፍያውን ሲያወዛውዝ አየሁት። ሦስተኛው ዙር ላይ ስድስቱ አንጮቴዎች ተነሱ፤ ሁሉም አብረውኝ ይሮጣሉ፤ አቅጣጫቸው ግን ለየቅል ነው። ጎኔን ወጋኝ። አራተኛው ላይ የቢላው ልጅ አለፈኝ፤ ሲያልፈኝ የትንፋሹ ድምፅ የለም፤ ዝም ያለ ነው። አምስተኛው ላይ ሳሩ ላይ ተቀመጥኩና የበላሁትን ለሜዳው መለስኩ። አባቴ ኮፍያውን አደረገ። ከዚያ በኋላ አላወዛወዘውም።

ማታ እሱ ባዶውን ድስት ይዞ ክፍሌ በር ላይ ቆመ።

«ስንት በላህ?»

«ምን?»

«አንጮቴ።»

«አንተ! እኔ ሌባ ነኝ?»

«ልጣጩ ከኪስህ እየወጣ ነው» አለኝ።

ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ማድቤት ውስጥ እንዳይገኝብኝ ቁምጣዬ ኪስ የከተትኩት ልጣጭ አንገቱን አውጥቶ ያየኛል። የሮጥኩት እሱን ተሸክሜ ነው።

«ስድስት» አልኩ።

«ያለ ቅቤ?»

«ጾም ነው።»

ድስቱን መሬት አስቀምጦ እየሳቀ ተቀመጠ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሳቁ ሲበርድ፣ «በል እንግዲህ ትከፍላለህ» አለኝ። «አዲስ አበባ ልሄድ ስድስት ማለዳ ቀርቶኛል። ብቻዬን ስሮጥ ፍጥነቴን አላውቀውም። ለአንድ አንጮቴ አንድ ማለዳ፤ ከኋላዬ ትሮጣለህ። እንዳታልፈኝ፣ እንዳትርቀኝም። ትንፋሽህን ብቻ ልስማ።»

ተስማማሁ፤ ለእናቴ እንዳይነግርብኝ ስል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ቆረቆረ። «ኮቱ!» አለ፣ ና ማለቱ ነው። አምስት ማለዳ ጀርባውን እያየሁ ሮጥኩ። ሸሚዙ አንገትጌው ላይ በሌላ ቀለም ክር የተሰፋ ነበር፤ ያቺን ስፌት ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እስላታለሁ። ከኋላ መሮጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከፊት የሚሮጥ አያውቀውም። እግሬ አይደለም የደከመው። «ቅደመው፣ ቅደመው» የሚል ነገር ደረቴ ውስጥ ሲጮህ እሱን መያዙ ነው ያደከመኝ።

በአምስተኛው ማለዳ ዳገቱ አናት ላይ ቆመን ከተማዋን ቁልቁል እያየን፣ «ታውቃለህ፣ ዳገት ላይ አንተ ትበልጠኛለህ» አለኝ። «እኔ የምቀድምህ ስትተኛ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ይደሰት ነበር። እኔን እንደ ጦር ወጋኝ። በተፈጥሮዬ የሚያንስ ሰው ሆኜ ቢሆን ምን ነበረበት? ያርፋል ሰው! የወሰደብኝን መንገድ በየማለዳው ተኝቼ የሰጠሁት እኔው መሆኔን ከራሱ አፍ መስማት ግን አልቻልኩም።

ስድስተኛው ማለዳ የሚሳፈርበት ቀን ነበር። ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተቆረቆረ። ነቅቻለሁ። ጫማዬ ወደ በሩ ዞሯል። «ኮቱ፣ ያ ጉርባ!» አለ፤ አንተ ልጅ፣ ና እንደማለት ነው። እናቴ ከጓዳ፣ «አንተ ልጅ፣ እየጠራህ እኮ ነው» አለች። «እግሬን አሞኛል» አልኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ኮቴው ብቻውን ወደ ዳገቱ ሄደ።

ከአዲስ አበባው ውድድር ሁለተኛ ወጥቶ ተመለሰ። ሰልፍ ላይ አስተማሪያችን ማን አሠለጠነህ ቢለው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ተማሪው ሁሉ አጨበጨበልኝ፤ አባቴም ወሬው ደርሶት ኮፍያውን ቀና አድርጎ ሰነበተ። በዚያም ቀናሁ፤ ሰው እንዴት በደግነትም ይቀደማል? ብቻችንን ስንሆን ግን እንዲህ አለኝ፤ «ስሮጥ ትንፋሽህን ከኋላዬ እሰማው ነበር። መጨረሻዋ ላይ፣ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ጠፋህብኝ።» አልወቀሰኝም። የሆነውን ነው የነገረኝ።

ከዚያ እሱ አስተማሪ ሆነ፣ እኔ እንደ አባቴ ጸሐፊ፤ ሁለታችንም በየአውራጃው ዞረን ዞረን ነቀምቴ ላይ አረጀን። ስለዚያች ማለዳ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም፤ እስከ ዛሬ።

ዛሬ ባጃጁ በሬ ላይ ሲያወርደኝ ምርኩዙን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አየኝ፤ ባጃጁንም አየ።

«አካም ቡልቴ» አለኝ። ደህና አደርክ ወይ፣ ማለቱ ነው።

«ደህና።»

«ቀድመኸኝ አልነበር እንዴ? ከየት ነው የምትመጣው?»

«ጉዳይ ነበረኝ።»

«አይ አንተ!» ምርኩዙን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ዳገቱ ላይ እኮ ትንፋሽህን ከኋላዬ ሰምቼ ነበር። ገና ሳላይህ አወቅሁት። ያቺን ስድስተኛዋን ዛሬ ሊከፍለኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ እርምጃዬንም አስተካከልኩልህ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አለፍከኝ።»

ስቆ ዳገቱን ወደ ቤቱ ቀጠለ። ቤቱ ቅርብ ነው፤ ያን ጊዜ እንኳ ከኋላው ብከተለው መቶ እርምጃ አይሞላም ነበር። በሬን ይዤ ቆምኩ፤ አንገትጌውን አየሁት፤ ደረቴ ውስጥ ያ ነገር ዛሬም «ቅደመው» ይላል።

ማታ ጫማዬን እንደ ወትሮው አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሬ አስቀምጣለሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አዙሬ ማስቀመጡን ረስቼ አላውቅም። የአምስቱን አንጮቴ ከፍያለሁ። የአንዷ፣ አንድ ማለዳ ከኋላው፣ ትንፋሼን ሳልደብቅ፣ እስካሁን አለብኝ።