ዳሩ የተነካ ገንፎ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ገብስ ስትቆላ ሽታው በአጥሩ ሾልኮ መጣና ዓይኔን እንባ ሞላው። ውሃ ይዛልኝ የመጣችው ልጇ «ምነው አባባ?» አለችኝ። «ጭሱ ነው» አልኳት። አንተን ግን ለምን እዋሻለሁ? ጭስ አልነበረም።

የተወለድኩት ከጉና ሥር ነው። አባታችን ቀድሞ ስለ ሞተ በቤቱ የቀረነው ሦስት ነበርን፤ እናቴ፣ እኔና በሁለት ዓመት የምበልጠው ወንድሜ። አገራችን ብርድ ነው፤ ጤፍ አያውቅም። ሁሉ ነገራችን ገብስ ነበር፤ ገንፎውም፣ ዳቦውም፣ በሶውም፣ ጠላውም። እናቴ ከዚያው ከአንድ እህል በየቀኑ ሌላ ጣዕም ታወጣ ነበር። ድፎዋ ሲቆረስ የሚወጣው እንፋሎት እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

እኔ ግን ከእርሻው ልቤ አልነበረም። በከሰል ግድግዳውን ስሞነጫጭር እውል ነበር። አንድ ቀን እናቴ ስትቆጣኝ ወንድሜ «ይሂድና ሥዕል ይማር፤ እርፉን እኔ እይዛለሁ» አለ። ገና ጺም አላበቀለም ነበር። የእኔን ዕድሜ ሙሉ ያቀናው ያ አንድ ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም።

ደብረ ታቦር የወረድኩት ንጉሡ በከተሙበት ዘመን ነው። ኮረብታው በድንኳን ነጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ የነጋሪት ድምፅና የፈረስ ላብ ሽታ የሞላው አገር ነበር። የኔታ የምላቸው አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ተቀበሉኝ። ቀለም መፍጨት፣ ሥዕሉ የሚሣልበትን ሸማ በመቅደስ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ የመላእክት ክንፍ ማውጣት ተማርኩ። ዓመታት አለፉ፤ እጄም ቀና። ወንድሜ በየሦስት ሳምንቱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ስንቄን ተሸክሞ ከሰዓት በኋላ ይደርስ ነበር፤ በስልቻ በሶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ፣ በትንሽ ቅል ድልህ።

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ሥዕሉን የምታሠራው ወይዘሮ ሥራችንን ልታይ ከነአጃቢዎቿ መጣች። እኔ አዲስ ሸማ ለብሼ ከየኔታ ጎን ቆሜአለሁ። በዚህ መሀል ወንድሜ ገባ። ደበሎው በዝናብ በስብሶ ይሸታል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ማንንም ሳያይ ስልቻውን እፊቴ አስቀመጠና «ጋሼ፣ እማዬ የላከችልህ ነው፤ ድፎው ሳይደርቅ ብላ» አለኝ።

ከአጃቢዎቹ አንዱ አፍንጫውን ያዘ። ሌሎቹ ሳቁ።

ክንዱን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁት። «ከእንግዲህ እዚህ አትምጣ» አልኩት። «የምበላው አላጣሁም። ታሳፍረኛለህ።»

ዓይኔን ለአፍታ አየኝ። «እሺ» አለ። ጥቂት ተራምዶ ተመለሰና «ለእማዬ ምን ልበላት?» ሲል ጠየቀኝ።

«ጠግቧል በላት።»

ዳገቱን ሲወርድ አየሁት፤ ዞር አላለም። ያን ድፎ እንዴት እንደ በላሁት አሁን ሳስበው ያመኛል። በጣም ነበር የጣፈጠኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጉና ሥር ጦር መስፈሩን ሰማሁ። ጦር በሰፈረበት ጎተራ እንደማይቀር ማንም ያውቃል። እኔ ግን እናቴ ብልህ ናት፣ አንድ ነገር ደብቃ ታስቀራለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ችግር ቢኖር ይመጡ ነበር፣ እላለሁ። አትምጡ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ እየረሳሁ።

በዚያ ክረምት የኔታ የቃና ዘገሊላን ሰርግ እንድሥል ሰጡኝ፤ ለብቻዬ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ሥራ ነበር። ጌታን፣ እመቤታችንን፣ ሙሽሮቹን እንደ ተማርኩት አወጣሁ። ማዕዱ ላይ ስደርስ ግን እጄ ሌላ መንገድ ያዘ። ከውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ እኔ የቤቴ ምግብ እየናፈቀኝ ነው። ድፎውን ከነስንጥቁ ሣልኩት። አይቡን በገበቴ፣ ማሩን ከነሰፈፉ፣ ጠላውን በዋንጫ። በመጨረሻም ከማዕዱ መሀል ገንፎ አስቀመጥኩ፤ መሀሉ ጎድጉዶ ቅቤ የሞላው፣ ድልሁ በቅቤው ላይ እንደ ጀንበር መጥለቂያ የቀላ።

የኔታ ብዙ ቆመው አዩት። «ገንፎ በየትኛው ወንጌል አገኘህ?» አሉኝ።

«የኔታ ይቅር ይበሉኝ፤ እደመስሰዋለሁ።»

«ተወው» አሉ። «በሰርጉ ቤት ምን እንደ ቀረበ እኔም አላየሁም።»

መስከረም ጠባ። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ በሆነበት ማለዳ የደብሩ ዘበኛ «አንዲት ነዳይ ሠዓሊውን አሳዩኝ እያለች ታስቸግራለች» ብሎ ጠራኝ። በደጁ ላይ አንዲት አሮጊት ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። የምሰጣት እንደሌለኝ ልነግራት አፌን ስከፍት ስሜን ጠራችኝ።

እናቴ ነበረች። ካየኋት ወዲህ በስድስት ወር ውስጥ አርጅታ፣ የአንገቷ አጥንት ገጦ፣ ነጠላዋ ከላይዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ሆኖ።

«ወንድሜስ?» አልኳት።

«ደርሰን ነበር እኮ» አለች። «ከተማው ይታየን ነበር። ትንሽ ልረፍ እማዬ አለኝና ተቀመጠ። አልተነሣም። መንገደኞች አግዘውኝ ቀበርነው።»

ምን እንዳልኩ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ አስታውሳለሁ፤ መጠየቅ ያልነበረብኝን መጠየቄን። «ለምን ቀደም ብላችሁ አልመጣችሁም?»

«እሱ ነዋ ያቆየን» አለች። «ወታደሮቹ እህሉን ጨረሱት። በሬዎቹንም አርደው በሉ። እንሂድ ስለው፣ ጋሼ እህል አስጭኖ ራሱ ይመጣል፣ ጠብቁኝ ብሎኛል ይለኛል። በየማለዳው ደጅ ቆሞ መንገዱን ያያል። እኔም አብሬው አያለሁ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው ቀረህ፣ ልጄ?»

አየህ፣ መዋሸት እችል ነበር። ወንድሜ ውሸቱን አዘጋጅቶ፣ አለስልሶ ትቶልኝ ነው የሞተው። ሥራ በዛብኝ ብላት አምና ትቀበለኝ ነበር። አልቻልኩም። እግሯ ላይ ወድቄ «ጠብቁኝ አላልኩትም። አትምጣ ነው ያልኩት። በሰው ፊት አፍሬበት ነው» አልኳት።

አላለቀሰችም። ራሴ ላይ አኑራው የነበረውን እጇን አነሣች። «እንግዲያ ገመናህን ሸፍኖልህ ነው የሞተው» አለች።

ሦስት ቀን በጎጆዬ ተኛች፤ የአጥሚት ጭላጭ በማንኪያ እሰጣት ነበር። በአራተኛው ቀን «ያን ሁሉ ዓመት የተማርከውን አሳየኝ» አለችኝ። ደግፌ ወሰድኳት። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ማዕዱ ላይ አርፎ ነበር። ቅዱሳኑን ተሳለመች፤ ከዚያ ምግቡን አንድ በአንድ አየች።

«ይሄ ድፎ የኔ ነው።»

«ያንቺ ነው።»

«አይቡም የኔ ነው። ገንፎው ግን ልክ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ማንም አልነካውም። እኔ ቤት ገንፎ ቀርቦ እንዲህ ሙሉ ሆኖ አያውቅም። ወንድምህ ነበር ከዳር የሚጀምረው። ዳሩን እየበላ ቅቤውን ወዳንተ ይመልሰዋል።» ዞር ብላ አየችኝ። «አላወቅህም እንዴ?»

አላወቅሁም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከአንድ ገበታ በልተን፣ ቅቤው በራሱ ወደ እኔ የሚፈስ ይመስለኝ ነበር።

በማግሥቱ ቀለም በጥብጬ የገንፎውን ዳር አነሣሁለት፤ ሰው ባልተቀመጠበት በኩል፣ የሦስት ጣት ዱካ። የኔታ ሲያዩት «ይህን ማን በላው?» አሉኝ። «ወንድሜ» አልኳቸው። «ይኑር» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

እናቴ ከእኔ ጋር ኖረች። ታበስልልኛለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ሲያመኝ ታስታምመኛለች። ነገር ግን ከእኔ ጋር አንድ ገበታ ላይ አልቀረበችም። «አንተ ብላ፤ እኔ ቀምሻለሁ» ትልና ምድጃው ዘንድ ጀርባዋን ሰጥታኝ ለብቻዋ ትበላለች። አልተጣላንም፤ ክፉ ቃልም አልወጣትም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉ ፊት ትቆማለች፤ እኔ ራቅ ብዬ እጠብቃታለሁ። እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ።

በኋላ ከተማው ተቃጠለ። ነፋስ ነበር፤ ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል ማን ያቆመዋል? የደብሩ ክዳንም ሣር ነበር። ካህናቱ ታቦቱን ይዘው ሲወጡ እኔ ወደ ውስጥ ልሮጥ ስል እናቴ ልብሴን ጨምድዳ ያዘች። በዚያ አቅሟ ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እንጃ። «ልጅ አልጨርስም!» አለች። «ሁለቱንም አልሰጥም!» ቆመን አየነው። ሸማው ከግድግዳው እየተላጠ በእሳቱ ውስጥ ሲንከባለል በበሩ በኩል ይታይ ነበር።

ከተሰደደው ሰው ጋር ወደ አንበሳሜ መንገድ ያዝን። ምንም አልያዝንም ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዲት ባላገር ከቤቷ ወጥታ በእጃችን አንድ ትኩስ የገብስ ቂጣ አኖረችልን። ከዋርካ ሥር ተቀመጥን። እናቴ እንደ ልማዷ ፈቀቅ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። አጠገቤ ሆና ቂጣውን ቆረሰች፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ በጣቶቿ አለዝባ ወደ አፌ አመጣችው።

«ይቺ የወንድምህ ናት» አለች። «ብላለት።»

ማኘክ አቃተኝ። «ዋጥ አድርጋት» አለችኝ፤ እስክውጣት ድረስም እጇን ከጉንጬ ላይ አላነሣችም።