ስድስቱን ቁጥር ያነበብኩት እኔ ነኝ

ካርቲየ 6 በሚሉት ሰፈራችን ውስጥ ፈረንሳይኛ የቸገረው ሐበሻ ሁሉ ወደኔ ነው የሚመጣው። አያቴ በድሮው ባቡር ጊዜ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ በፈረንሳይኛ ተምሬ፣ አሁን በአንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። አርብ አርብ፣ በየሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ሲያርፉ፣ ቤቴ ይሞላል። የሐኪም ወረቀት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የማዳም የድምፅ መልእክት ይዘው ይመጣሉ። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ቃል በቃል አስተረጉምላቸዋለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቴ ገደል ይግባ!

አንዷ አምቡሊ፣ ኤርፖርቱ አካባቢ ተቀጥራ እዚያው የምታድር ናት። ከቤተሰቧ የቀራት አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነው፤ እሱም ባሕሩን ተሻግሮ ሳዑዲ ፍየል ይጠብቃል። አንድ አርብ መጥታ የላከላትን ድምፅ አሰማችኝ። «እህትዓለም፣ ከዚህ ሰውዬ ልጠፋ ነው። ስልኩ የሱ ስለሆነ ጥዬው እሄዳለሁ፤ በዚህ እንዳትደውይ፣ ይነቃብኛል። የሚመጣው አርብ አዲስ ቁጥር እልክልሻለሁ።»

ደግማ ደጋግማ ስትሰማው ስልኳ ጮኸ። አነሳችና «ፈረንሳይኛ ነው» ብላ አቀበለችኝ።

የደዋዩ ሰውዬ ጨዋነት! «ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ» ይላል። የቴክኒክ ክፍል ነኝ አለ። ስልኩ ቫይረስ ገብቶበታል፣ ዛሬውኑ ካልጸዳ በኢንተርኔት የምትደዋወልበት አፕ ይዘጋል አለ። ቃል በቃል ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ወይኔ! ወንድሜ በምን ሊልክልኝ ነው ታዲያ?»

ወዲያው ስድስት አሃዝ ያለው መልእክት ገባ፤ ሰውዬው ቁጥሩን ያንብቡልኝ አለ። ከሥሩ በፈረንሳይኛ «ለማንም እንዳትሰጡ» ይላል። እሱንም አስተረጎምኩላት፤ እኔ ምን አስቀራለሁ!

«እትዬ፣ ለማንም እንዳትሰጡ እያለ እኮ ነው…»

«ማንም ማለት ሌላ ሰው ነው! ከቴክኒኩ ጋር እኮ ነው የምናወራው። ሰውዬውን አታስጠብቂው!» ብዬ ጮኽኩባት።

አራተኛ ክፍል እንኳ ያልጨረሰችው ልጅ ገብቷታል። የተማርኩት እኔ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ ጥርት አድርጌ አነበብኩለት። አመሰገነኝ፤ ፈረንሳይኛዬንም አደነቀልኝ። ደስ አለኝ፣ እግዜር ያሳያችሁ!

ስልኩን እንደዘጋ አፑ በሌላ ስልክ ተከፍቷል ብሎ ከእጇ ወጣ። መልሰን ልንከፍተው ስንል የሚስጥር ቁጥር ጠየቀን፤ ሰውዬው ያስቀመጠው ነው። ካላወቃችሁት ሰባት ቀን ጠብቁ ይላል። ሰባት ቀን ማለት እስከሚመጣው አርብ ማታ ነው።

የስልክ ቢሮ ሄድን፤ የደወለው ቁጥር የውጭ አገር ነው፣ እኛን አይመለከትም አሉን። ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፤ መዝግበው እንደውላለን አሉን። በፈረንሳይኛ ለመንኩ፣ በሱማልኛ ለመንኩ፣ ለውጥ የለውም። በሳምንቱ ውስጥ ጓደኞቿ ሁሉ በሷ ስም፣ በተሰባበረ አማርኛ «ታምሜያለሁ፣ ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል ደረሳቸው። ያኔ ነው በደንብ የገባን። ወንድሟም ቢጽፍ የሚመልስለት ይኸው ሌባ ነው።

አርብ በጠዋት መጣች። ቁርስ አልበላችም፤ ብለምናትም እምቢ አለች። ማራገቢያው ሥር ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔም መስፋት አቃተኝ። በኔ ስልክ የሷን ስም ብከፍተው መስመር ላይ ነው ይላል።

«ከፍቶታል» አልኳት።

«አሁን የወንድሜን እያነበበ ይሆናል» አለች ቀስ ብላ። «ይጻፉለት እትዬ። ሁሉንም ይውሰደው፣ አልከስም፣ አልረግምም። ያቺን ቁጥር ብቻ ይላክልን።»

ባለኝ ፈረንሳይኛ ሁሉ ለመንኩት። ወንድሟ ሌላ መገኛ እንደሌለው፣ እሷም ሌላ ሰው እንደሌላት፣ ዛሬ የሚገባውን አንድ ቁጥር ብቻ እንደምንፈልግ ጻፍኩ። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። አነበበው ማለት ነው። ደግሞ ይጽፍ ጀመር። እሷ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። መልሱ መጣ።

«ምን አለ? እትዬ፣ ምን አለ?»

መዋሸት እችል ነበር። ያ የፈረደበት ልማዴ አልለቅሽ ብሎኝ ቃል በቃል ነገርኳት።

«‹ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። የቴክኒክ ክፍል ነው። ምን እንርዳዎት?› ይላል።»

ሌባ መሆኑን ከኔ በፊት የጠረጠረችው እሷ ናት። እንደሚቀልድብን ታውቃለች። ቢሆንም ትከሻዬን ነቀነቀችኝ።

«ይኸው ምን እንርዳዎት ብሏል አይደል? ይንገሩት እንጂ እትዬ! ወንድሜን ይበሉት!»

እኔም እንደገና ጻፍኩ። አነበበውና ከመስመር ወጣ። ማታ አፑ ሲመለስልን ውስጡ ባዶ ነበር። ወንድሟ ቁጥሩን ልኮ እንደሆነ፣ ሰውዬውም ምን ብሎ መልሶለት እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቀው ሰውዬው ብቻ ነው።