አባቴ የሳታት መስቀል

ዛሬ ሽሮ ሜዳ አንድ ሱቅ በር ላይ አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ዕድሜውን ሙሉ ሸማኔ ነው። ከፊቱ የተሰቀለው ደግሞ የማሽን ነጠላ ነው፤ ጥለቱ አልተሸመነም፣ ታትሞበታል።

"ይሄ የኔ ጥለት ነው" አለኝ።

"አባዬ፣ ጥለት ይመሳሰላል እኮ" ልለው ስል በጣቱ አንዷን መስቀል አሳየኝ። ግራ ክንዷ አጥሯል። ራቅ ብሎ ሌላ እንደሷ ያጠረች፣ ከዚያም ሌላ። ማሽኑ ስህተቱን ሳይቀር ደጋግሞ አትሞታል።

"እናትሽ ሆስፒታል የገባች ቀን ነው ይቺን የሳትኳት" አለኝ ቀስ ብሎ።

እናቴ ከዚያ ሆስፒታል አልተመለሰችም።

አባቴ ያኔ የሸመነውን ዋናውን ነጠላ ቴሌግራም ላይ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ጥለቱን አቅርቤ ፎቶ ያነሳሁትም እኔው። "የኔ ካሜራ ክር ይቆጥራል" እያልኩ ጉራዬን እነዛ ነበር። በቃ፣ ለገልባጮቹ ቆጥሮ ሰጣቸዋ!

ባለሱቋ ወጣች። "አባባ፣ ይውሰዱት፣ ርካሽ ነው። አሁን ሰዉ ሁሉ ይሄን ነው የሚለብሰው" አለችው።

ልጣላት አፌን ስከፍት አባቴ ቀድሞኝ ዋጋ ጠየቀ። ሳይከራከር ከፈለ። እሱ የማሽን ነጠላ ሲገዛ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ሰፈራችን ወደ አዲሱ ገበያ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ "ለምን ገዛኸው?" አልኩት።

ነጠላውን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ይዞታል። "ዋናውን ሸጥነው እኮ ልጄ" አለኝ። "እናትሽ መጨረሻ ማግ ያጠነጠነችው ለሱ ነበር።"

እናንተስ፣ የቤታችሁ ሰው የእጅ ሥራ የሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ገጥሟችሁ ያውቃል? ምን አደረጋችሁ? እኔ እስካሁን ፎቶውን ከቻናሌ ላጥፋው እያልኩ እጄ እምቢ ብሎኛል።