ኮሌታው ስር ያለው ቀይ ቋጠሮ

ልብስ ሰፊው በግራ እጁ የኮቱን ትከሻ ገልብጦ ይይዛል። በቀኙ የምላጩን ጫፍ ከስፌቱ ስር አስገብቶ አንዷን ክር ብጥስ ያደርጋል፤ ጥቂት ስፌት ዘሎ ሌላዋን። ከዚያ ክሩን ሳብ ሲያደርገው እጅጌው ጨርቁ ሳይጎዳ ተላቆ ይወርዳል። እንደ እሱ አጥርቶ የሚፈታ ልብስ ሰፊ የለም።

ችግሩ፣ እጅጌው ትናንት ተገጥሞ ያለቀ መሆኑ ነው።

«የትኛው እጀ ሰባራ ነው ይህን የገጠመው?» አለ።

«አንተ ነህ ጋሼ» አለ ታናሽ ወንድሙ፣ ከወዲያኛው የስፌት መኪና ቀና ሳይል። «ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው። ምን ልበለው?»

«ውሸታም። የራስህን ጥፋት በእኔ ታላክካለህ።»

ሁለቱ በአንድ ክፍል የሚሠሩ ዓይንና ናጫ ናቸው። ታናሽየው የሱቁን ቁልፍ ተቀብሎ ወንድሙን ቤት ሊያስቀምጠው ይፈልጋል። ሰፊው ደግሞ ከመኪናው ከተነሣ በቁሙ ሞተ ማለት ነው።

ሰፊውን የመረመረችው ሐኪም የነገረቻቸውን ታናሽየው እንደ ክስ ይደጋግመዋል። አልዛይመር የሚሉት የመርሳት በሽታ የአንጎልን ሕዋሳት ሁሉ እኩል አይመታም። ቀድመው የሚሞቱት አዲስ ነገር ተቀብለው ወደ ትዝታ የሚያስገቡት ናቸው። ረጃጅም ክንድ ዘርግተው ያለ እረፍት ስለሚሠሩ ብዙ ጉልበት ይፈጃሉ፤ የተበላሸው ፕሮቲንም መጀመሪያ እነሱ ውስጥ ይቋጠራል። «ምክንያቱን ገና ሙሉ በሙሉ አላወቅነውም፤ ግምታችን ግን ይህ ነው» ብላለች። የጥንት ትዝታና የእጅ ልማድ ግን ቶሎ አይነኩም።

«ኮትም ቀድሞ የሚሳሳው ብዙ ከሚሠራው ከክርኑ ነው» አለ ሰፊው። «እጄ ደህና ከሆነ ታዲያ ምን ሁን ትለኛለህ?»

«ጉዱ እጅህ ደህና መሆኑ ላይ ነው። እጅህ ቢበላሽ ኖሮ የሠራኸውን መፍታት ያቅትህ ነበር።»

 አንድ የጥንት ነገር ግን ከሰፊው አእምሮ አልጠፋም። በልጅነቱ ሙያውን ያስተማሩት ሰውዬ ያለቀ ልብስ ኮሌታው ስር ቀይ ክር ያስቋጥሩ ነበር፤ ቋጠሮ ያለበትን ማንም አይነካም። ጊዜ ይፈጃል ብሎ ይህን ያስቀረው ታናሽየው ነው።

እጅጌውን መልሶ ገጠመ፣ ለባለቤቱም አስረከበ። ከዚያ ወዲያ የጨረሰውን ሁሉ በቀይ መቋጠር ጀመረ። በማግስቱ ጠዋት ምላጩን ይዞ አንድ ያለቀ ኮት አነሣ። ወንድሙ ከመኪናው ቀና ብሎ ያየዋል። ኮሌታውን ገለበጠ፣ ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ይሄ አልቋል» ብሎ አስቀመጠው።

«ከእንግዲህ አንድ ያለቀ ኮት ብትፈታ ግን የሱቁን ቁልፍ ትሰጠኛለህ» አለ ታናሽየው።

«በሕልምህ።»

ስለዚህ ልብስ ልትወስዱ ለምትመጡ ሁሉ የሰፊው ልመና ይህ ነው፤ ልብሳችሁን ይዛችሁ ከበሩ ሳትወጡ ቀዩን ክር አትበጥሱ። ወንድሙንም እሱ ፊት አታመስግኑ።