ድጎማ የተነፈገችው ናይሪ

ናይሪ ሆሊስ ጎረቤቴ ናት። ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ታይሃፔ ኮረብታ ላይ አጥር ለአጥር ከተዋሰንን ሃያ ዓመት አለፈን፤ ሃያውንም ዓመት ቀንቼባታለሁ። አልደብቅም። ባሏን ትራክተር ተገልብጦ ሲገድለው፣ መሬቱን ሸጣ ከተማ ትገባለች፣ እኔም እገዛዋለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን በቀብሩ ማግስት የሟቹን ቦት ጫማ ተጫምታ፣ ውሾቹን አስከትላ በጎቿ መሃል ተገኘች።

ያኔ የኒውዚላንድ መንግሥት ድጎማ የሚሰጠን በበግ ቁጥር ነበር። በጉ ከሳ ወፈረ ጠያቂ የለም፤ ዋናው መብዛቱ ነው። እኛም ቁጥቋጦውን መንጥረን ገደሉን ሁሉ ሣር አለበስነው፤ ማዳበሪያውን አውሮፕላን ከላይ ይበትንልናል። ናይሪም አመለከተች። የመንግሥቱ ሰው ስለ እሷ ሊጠይቀኝ ቤቴ ድረስ መጣ። ሻይ ቀዳሁለትና፣ "ምስኪን ናት፤ ብቻዋን ግን አትወጣውም" አልኩት። ተከለከለች። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ገደሏ ቁጥቋጦ እንደለበሰ፣ በጎቿም ጥቂት እንደሆኑ ቀሩ። ገበያ በወጣች ቁጥር እንስቅባት ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1984 የተመረጠው አዲስ መንግሥት ወጪ እቀንሳለሁ ብሎ ድጎማውን ቆረጠው። በሚቀጥለው የበግ ገበያ አጫራቹ እኔ ጋጣ ጋ ሲደርስ፣ ገዢዎቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ዋጋ የሚጠራ አንድ ሰው ጠፋ።

"ሌስ፣ ነፋስ ሳይወስድብህ ድንጋይ እሰርባቸው እንጂ!" አለኝ አንዱ።

ናይሪ ጋጣ ዙሪያ ግን ሰው ይጋፋል። ጥቂት በመሆናቸው ጠግበው የሚያድሩት በጎቿ መንታ መንታ ወልደው፣ የጠቦቶቹ ጀርባ ጠረጴዛ አክሏል።

"አየሃት ሴትዮዋን?" አለችኝ ሚስቴ ጆይስ።

ፊቴን አዙሬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ያም ሆኖ መንጋዬን በግማሽ ቀንሼ ዘሩን ካላሻሻልኩ እርሻው ከእጄ እንደሚወጣ ገብቶኛል። ደህና አውራ በግ ያላት ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟግቼ ሄድኩ።

"አውራ በግ ታውሺኛለሽ?" አልኳት መሬት መሬት እያየሁ።

"ለዚህ ነው እንዲህ የምትሽኮረመመው? ግባና የወደድከውን ምረጥ።"

"ግን ድጎማው እንደሚቀር እንዴት አወቅሽ?"

ሳቀች። "ምን አውቄ! ከልክለውኝ ነው እንጂ። ወር ሙሉ አልቅሻለሁ እኮ። ያንተ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር በቅናት መስኮቴን እዘጋ ነበር። ለምን እንደከለከሉኝ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።"

እኔም ቶሎ ብዬ የመኪናዬን ኋላ ልከፍት ሄድኩ። እሷ ምርጡን በግ እየገፋች መኪናዬ ላይ ጫነችልኝ።

መንገዴን ሁሉ ስብሰለሰል ሄድኩ። ያን ቀን ክፉ ባልናገርባት ዛሬ እሷም እንደ እኔ አጥንት ታቅፋ ትቀር ነበር። እሷን የእኔ ምቀኝነት አዳናት። ለእኔ ግን ክፉ የሚናገርብኝ አንድ ምቀኛ ጎረቤት እንኳ አልነበረኝም።