አዘቅዝቄ የለበስኩት ነጠላ

ጅቡቲ ያለን ሰዎች ለአገር ቤት ምርጫ ድምፅ አንሰጥም፤ በክርክሩ ግን መራጩን እናስከነዳለን። እኔ ሄሮን፣ ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥሬ እዚያው እያደርኩ እሠራለሁ። አርብ ዕረፍቴ ነው። ያን ቀን ፔካ 12 ወደሚባለው የከባድ መኪኖች መቆሚያ ወርጄ፣ አንድ የማውቀው ሾፌር ወደብ ለመግባት ወረፋ ይዞ ቆሞ ካገኘሁት አብሬው ምሳ እበላ ነበር። የአንድ ከተማ ልጆች ነን፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። የእናቴን ሽሮ የሚያመጣልኝም እሱ ነበር።

ሦስተኛችን ካርቲዬ 2 የሚባል ሰፈር ተከራይታ የምትኖር፣ ልብስ እያጠበች የምትተዳደር የከተማችን ልጅ ነበረች። ጋሼን ወባ በጣለው ጊዜ ቤቷ አስተኝታ ያስታመመችው እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ እህቴ ነው የሚላት። በምርጫው ሁለቱ አንድ ወገን ሆኑ፣ እኔ በከተማችን ለምክር ቤት የተወዳደረውን፣ ድሮ ያስተማረኝን መምህር ደገፍኩ። እሷ ስትከራከር ሰፈሩን ትረብሻለች፤ ወዲያው ደግሞ ጠቅልላ ታጎርሰኛለች። እንደዚያ ያለ ክርክር አይሰለችም።

መምህሬ ተሸነፈ። አልዋሽም፣ አልቅሻለሁ። ግን ወንበር ለአምስት ዓመት ነው፣ የአገር ልጅ ለዕድሜ ልክ ነው አልኩና ጋሼን እንኳን ደስ ያለህ ልለው ቆረጥኩ። እሱም አያላግጥብኝም ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

በዚያው ሰሞን እሷ ድንገት ታማ ሞተችብን። ጋሼ ከአዲስ አበባ ተነስቶ መንገድ ላይ ነበር። መሪ ለያዘ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ስለዚህ ሳንነግረው ቀበርናት። ሲደርስ እንዳረዳው የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ለማርዳት የሚሄድ ሰው ኀዘኑ ከሩቅ እንዳይታወቅበት ነጠላውን አስተካክሎ ይለብሳል። እኔ ለቅሶው አደንዝዞኝ፣ ጥለቱን ወደ ላይ እንዳዘቀዘቅኩት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ጋሼ በመኪናው ጥላ ሥር ከሾፌር ጓደኞቹ ጋር ምሳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ገና ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«እዩልኝ እቺን ልጅ» አላቸው። «መምህርሽ ተሸነፈ እንጂ መቼ ሞተ? ለአንድ ወንበር ነጠላ ይዘቀዘቃል?»

ሾፌሮቹ ሳቁ። እሱ ከጋቢናው በፌስታል የታሰረ ቆሎ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

«ይሄ የእህቴ ነው። አሸነፍን በያት። ለቅሶሽን ግን እሷ ጋ ይዘሽ እንዳትሄጂ።»

ቀስ ብዬ ላረዳው ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ጋሼ፣ ነጠላው ለእሷ ነው» አልኩት።

ጎማው ሥር ቁጢጥ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጓደኞቹ ሰሃኑን አነሱ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ምርጫ ያጣላናል ብዬ ነበር የፈራሁት፤ አልተጣላንም። አሁን ሽሮዬ በሌላ ሾፌር ይመጣል። አንድ አርብ መኪናው አጠገብ ጠብቄ «ምንም አልተቀየምኩህም» ብለው፣ «ባንቺ ላይ መች ሳቅሁና» አለኝ መሬት መሬት እያየ፤ «በእሷ ለቅሶ ነው የሳቅሁት።» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ጋሼ አምኖበታል፤ ባየኝ ቁጥር በመኪናዎቹ መሀል ይሰወራል። እንዲህ አፍሮ ከሚርቀኝ፣ በየምርጫው አሸንፎ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።